ለአንድ ማንዶሊን ሦስት ፕሮፎርማ

እኛ ሰዎች የምናከብረውን ሰው ምን እንደሚፈልግ አንጠይቀውም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ቤታችሁ የመጣን እንግዳ «ርቦሃል ወይ?» ማለት ነውር ነው። ሰው ይጠየቃል እንዴ! ይቀርብለትና ይበላል እንጂ። «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ቢል ማን ያምነዋል? «በሞቴ» ይባላል። እጁን ቢሰበስብ ጉርሻው አፉ ድረስ ይሄድለታል፤ ጉርሻ ደግሞ በአጉራሹ ፍቅር ልክ እንጂ በጎራሹ አፍ ልክ አይጠቀለልም። በእንዲህ ያለ ፍቅር ታንቆ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ስንቱ ተሰናብቷል!

እኔ ራሴ ባለቤቴ ወይንሸት መርጣ የገዛችልኝን የሱፍ ሹራብ ስድስት ክረምት ለብሻለሁ፤ ስድስቱንም ክረምት አንገቴን ሳክ ነው የከረምኩት። ታዲያ ያሳክከኛል ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ምን ብዬ? ሴትዮዋ መርካቶን አዳርሳ፣ ከስንት ነጋዴ ጋር ተጨቃጭቃ ያመጣችልኝን!

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ስለ አንድ ሽቦ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። አዎ፣ ስለ ሽቦ። አትሳቁ። በዚህ ሽቦ የተነሣ አንድ አባት የገዛ ልጁን መልስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊያሳልፍ፣ እኔም ከማከብረው ጎረቤቴ ጋር ልቆራረጥ ጥቂት ነበር የቀረን።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ግዢ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለመንግሥት ወንበርና ወረቀት፣ የእጅ ሳሙናና መጥረጊያ ስመርጥ የምውል ሰው መሆኔ ይበቃችኋል። ቅዳሜና እሁድ ግን ቂርቆስ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ክራር እሠራለሁ። ክራር የተባረከ መሣሪያ ነው። ቆዳ፣ እንጨት፣ ክር፣ በቃ። ነገሩ የሆነበት ጊዜ ደግሞ ሞባይል ያለው ሰው ካፌ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ እንዲታይለት የሚያስቀምጥበት ዘመን ነበር።

ማንዶሊን ወይም ጊታር ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ አንገቱ ላይ እንደ መሰላል መርገጫ የተጋደሙ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ፍሬት ይሏቸዋል። ጣት ክሩን ወደነሱ ሲጫነው ድምፁ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ክራር ይህ ጣጣ የለበትም። ፍሬት የሚሆነው ብረት የሚሸጠው እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ነው፤ ላዩ ክብ ራስ፣ ከሥሩ ቀጭን እግር አለው። እግሩ በመጋዝ በተበጀለት ስንጥቅ ውስጥ ይቀበራል፤ ራሱ ከላይ ይቀራል። ከእንጨቱ በላይ ብቅ የሚለው ቁመት ቢበዛ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። የእኔም ወሬ እንግዲህ ስለዚችው የጤፍ ፍሬ ነው።

ጋሽ ንጋቱ ጎረቤቴ ናቸው። ጎረቤት ስላችሁ እንዲሁ በሰፈር አይደለም፤ ግድግዳ እንጋራለን። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ እሳቸው ቤት ሲያስነጥሱ እኔ ቤት «ይማርዎ» ይባላል። ኦሎምፒያ፣ አንድ ካፌ ደረጃ ሥር የመስታወት ሣጥናቸውን ዘርግተው ሰዓት ይጠግናሉ። ማታ ማታ ደግሞ ማንዶሊን ይጫወታሉ። በወጣትነታቸው አብረውት ይሠሩ ከነበሩ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ የገዙት ማንዶሊን ነው። በሰፈራችን ያለ እሳቸው ማንዶሊን የተዳረ ሰው ካለ ወይ ተሰርቆ ነው ወይ ጠልፎ ነው። እኔንና ወይንሸትንም ድንኳን ውስጥ ያስገቡን እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ክረምት ጣራቸው አፈሰሰ። ከሁሉ ቦታ መርጦ ማንዶሊኑ የተሰቀለበት ምስማር ላይ። ሣጥኑ ተረፈ፤ አንገቱ ግን ውኃ ጠጥቶ ጎበጠ። ይሄኔ አንዲት ልጃቸው ትዕግሥት ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ትዕግሥት አባቷን ቬሎ አልጠየቀች፣ መኪና አልጠየቀች። «አባዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በአንተ ማንዶሊን ተድሯል። መልሴ ላይ አንተ ካልተጫወትክ ዳቦ አልቆርስም» ብቻ ነው ያለችው። ይቺ ልጅ ደግሞ አልቆርስም ካለች አትቆርስም።

ጋሽ ንጋቱ ማንዶሊኑን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«ተሾመ ልጄ፣ አንገቱን ብቻ ቀይርልኝ» አሉ። «ፍሬቶቹን ግን እነዚሁኑ መልሰህ ብትመታቸው ይበቃኛል።»

አየኋቸው። የናስ ፍሬቶች ናቸው፤ አርባ ዓመት የጋሽ ንጋቱ ጣት አርፎባቸው ከእንጨቱ ጋር ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሰውየው በግልጽ አማርኛ «እነዚሁ ይበቁኛል» ብለዋል። ግን አንድ የሀገራችን ትልቅ ሰው «ይበቃኛል» ሲል የሚበቃው መቼ ነው? «ይበቃኛል» ማለት «ጨምር» ማለት ነው። «አትድከም» ማለት «እስቲ ድከም» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ እንኳን ማንዶሊን ሊሠራ ወጥ ሊጨልፍም አይፈቀድለትም። እንዲህ ብዬ አሰብኩና አሮጌዎቹን ፍሬቶች በፒንሳ ነቃቀልኳቸው። ሲነቀሉ ተጣመሙ። በባዶ የወተት ቆርቆሮ ከተትኳቸው። ለልጃቸው ሠርግ በአሮጌ ፍሬት? እኔ ቆሜ? አይደረግም!

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ግዢ ክፍል ያደገ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ሽቦውን በሦስት ፕሮፎርማ ለመግዛት ወሰንኩ። ፕሮፎርማ ማለት ከሦስት ነጋዴ የሚሰበሰብ የ«እንዲህ ያለ ዕቃ አለኝ» ወረቀት ነው፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ይቀመጡና የተሻለው ይመረጣል። ለራሴ ጫማ ስገዛ እንኳ ሦስት ሱቅ ሳልገባ ከገዛሁ ኦዲተር የሚመጣብኝ ይመስለኛል።

አንደኛው ተጫራች ዳኒ ነበር። ዳኒ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ጊታር የሚጫወት፣ ፀሐይ ገብታም መነጽሩን የማያወልቅ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከዱባይ ያስመጣው ሽቦ ነበረው፤ እንደ ብር ያብለጨልጫል።

«አቦ ተሼ፣ ይሄ ጃምቦ ነው» አለኝ።

እኔ ጃምቦ ሲባል የማውቀው ድራፍቱን ብቻ ነው። ለካ ፍሬትም ጃምቦ አለው፤ ወፍራምና ከፍ ያለ ማለት ነው።

«ከፍ ማለቱ ምን ይጠቅማል?»

«እንዴ! ጣትህን ጣል ስታደርገው ይጮሃላ። ምንም መጫን የለም። ማለቴ፣ ለሽማግሌ ጣት በቃ ይሄ ነው። በናትህ ፋዘርን አታሳፍራቸው።»

ሁለተኛው ላንቻ ያለው ብየዳ ሠራተኛ ከድር ነው። ከድር ከናስ የብየዳ ዘንግ ፍሬት ቀጥቅጦ ሊያወጣልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ልክ እንደ አሮጌዎቹ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዘንጉን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ሰውየው ራሳቸው ምን አሉ?»

«አሮጌዎቹ ይበቁኛል አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ይሉኝታ ነዋ፣ ከድር!»

ከድር ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ። ወላሂ እኔ ደንበኛ በር አራት ማዕዘን ይሁን ካለኝ አራት ማዕዘን ነው የምሠራለት» አለኝና መነጽሩን አውርዶ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ጨዋነት የጎደለው መልስ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሦስተኛው ከአንድ ሳይክል ጠጋኝ የተገኘ የሳይክል ጎማ ሽቦ ነበር። ለፍሬት እንደማይሆን እኔም ሳይክል ጠጋኙም እናውቃለን። ግን ግዢ ክፍል የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ሦስተኛው ፕሮፎርማ ለቁጥር ማሟያ ነው።

መሥሪያ ቤት፣ በሻይ ሰዓት፣ ሦስቱን ሽቦዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ የማወዳደሪያ ቅጽ አሰመርኩ። ጥንካሬ፣ ውበት፣ ቁመት፣ ዕድሜ። የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ፣ አንዳቸውም ማንዶሊን ነክተው የማያውቁ፣ ኮሚቴ ሆኑልኝ። ጃምቦው በጥንካሬ አሸነፈ፣ በውበት አሸነፈ፣ በቁመትማ ማን ይደርስበታል! አለቃዬ እንኳን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየና «ለትልቅ ሰው ትልቁን ነው» አለ። ይህም ውሳኔ ሆነ። ከቅጹ ግርጌ «የተጠቃሚው ክፍል አስተያየት» የምትል አንዲት መስመር ሁልጊዜ አለች። ሁልጊዜም ባዶ ነው የምናልፋት፤ ያን ቀንም ባዶዋን አለፍናት።

ስለ ሥራው ብዙ አላወራም፤ ብጀምር አልጨርስም። አንገቱን ከዋንዛ፣ ጣት የሚያርፍበትን ንጣፍ ከወይራ አወጣሁ። አሥራ ሰባት ስንጥቅ በመጋዝ አበጀሁ፤ አንዱ የፀጉር ያህል ቢሳሳት ማንዶሊኑ ዕድሜ ልኩን ይዋሻል። ከዚያ ጃምቦውን እየቆረጥኩ፣ ከስንጥቁ ጫፍ ኮላ እየቀባሁ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። ፍሬት በትክክል ሲገባ ጠቅ ይላል። አሥራ ሰባት ጊዜ ጠቅ። ከዚያ የተሻለ ድምፅ ከማንዶሊን ይወጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ክር አስሬ ስሞክረው ግን ወጣ። ጣቴን ጣል አደረግኩት፤ ጮኸ። ዳኒ እውነቱን ነው አልኩ። ወይንሸትን ጠርቼ አሳየኋት። «ያበራል» አለች። ሚስቴ በቀላሉ የምታደንቅ ሰው አይደለችም።

ጋሽ ንጋቱ ማንዶሊኑን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ዓይናቸው ፍሬቶቹ ላይ አረፈ። በአውራ ጣታቸው አንዱን ዳሰስ አደረጉት። እኔ ደስታ ነው አልኩ። ከዚያ ታቅፈውት አንድ ሐረግ ተጫወቱ። ድምፁ እንዴት ልበላችሁ፣ ጥርስ ላይ እንደሚሰማ ቀዝቃዛ ውኃ ያለ አንድ ነገር ነበረበት። ቆም አደረጉት።

«ክሩ ገና ስላልለመደ ነው» አሉ ቶሎ ብለው። «አዲስ ክር ይንቀለቀላል። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ! ምን ብዬ ልመርቅህ! ደግሞ ሽቦው!»

«ከዱባይ የመጣ ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«ከዱባይ!» አሉ ጋሽ ንጋቱ። አሁን ሳስበው ድምፃቸው እንደ ሀዘንተኛ ነበር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከግድግዳው ማዶ ማንዶሊን የሚባል ነገር አልተሰማም። አርባ ዓመት ማታ ማታ የሚጫወት ሰው፣ አዲስ መሣሪያ ተሠርቶለት ጸጥ! በምትኩ ሌላ ድምፅ መጣ። ከእራት በኋላ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ያርፋል። እንደገና ፍቅ፣ ፍቅ።

«አይጥ ነው» አልኩ።

«ከማዶ ነው የሚመጣው» አለች ወይንሸት።

ወጥመድ ገዝቼ ግድግዳው ሥር አኖርኩ። ቋንጣ አደረግኩበት። ቋንጣው ሳምንት ሙሉ ሳይነካ ደረቀ፤ ፍቅፍቁ ግን ቀጠለ።

«ይሄ አይጥ ምን ዓይነት ነው? ብረት ነው እንዴ የሚበላው?» አለች ወይንሸት አንድ ምሽት። እኔ ጋዜጣዬን እያነበብኩ ነበር፤ ነገሯን አላስተዋልኩትም።

ሠርጉ ሰባት ቀን ሲቀረው ትዕግሥት ከቤቷ ስትበር መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ ተሾመ፣ አባዬ አልጫወትም አለ!»

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«እጄን አሞኛል ይላል። ዛሬ ጠዋት ኦሎምፒያ ሄጄ ሳየው ግን ምስር የማታህል የሴት ሰዓት ጥርስ ሲሰካ ነበር! ለሰዓት ያልታመመ እጅ ለእኔ ሲሆን ይታመማል?» ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያኮረፈኝ ነገር አለ። ሰውዬውን አልወደደልኝም መሰለኝ።»

እነሆ የሽቦው ነገር እዚህ ደረሰ። ልጅቱ አባቴ እጮኛዬን አልወደደውም ብላ ታለቅሳለች። ሙሽራው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ሰዎችስ?

ትዕግሥት እንደወጣች ወይንሸት ወደ እኔ ዞረች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሂድና ሰውየውን ጠይቃቸው። ማንዶሊኑ ምን ሆነ በላቸው።»

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? የሰጠሁትን ስጦታ ለምን አልተጠቀሙበትም ብዬ? ሰው እንዲህ ይደፈራል?»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

«እኔ ደጃዝማችነት አልፈለግሁ!»

አልጠየቅኩም። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሰበብ ፈለግሁ። በሩን አንኳኩቼ ገባሁና «ጋሽ ንጋቱ፣ ማንዶሊኑ ቫርኒሹ አንድ እጅ ይቀረዋል። ለሠርጉ እንዲያበራ ለሁለት ቀን ልውሰደው ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ውሰደው!» አሉ። ቃሌን እንኳ አላስጨረሱኝም። «እኔም ልልህ ነበር። ቫርኒሹ፣ አዎ፣ ቫርኒሹ ይቀረዋል።» በዚያው በነጠላ ጠቅልለው፣ አጥብቀው አስረው አስታቀፉኝ።

ቤት ገብቼ ነጠላውን ፈታሁ።

ከላይ ያሉት ሰባት ፍሬቶች ተሞርደዋል። ተጭረውና ተቦጫጭረው ከእንጨቱ ጋር ሊተካከሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። ስምንተኛው ግማሹ ተበልቶ ቆሟል። ከዘጠነኛው ጀምሮ ጃምቦው እንዳለ እንደ አጥር ተገትሯል። ሰባቱ ሸለቆ፣ አሥሩ ተራራ። ክሩን ብትነኩት ከሸለቆው ተነሥቶ ተራራው ጋ ሲደርስ እየተጋጨ ጥንዚዛ እንደገባበት ቆርቆሮ ይንጣጣል። በዚህ ሁኔታ እንኳን ሠርግ ለቅሶም አይጫወቱበት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አልዋሻችሁም፣ በጣም ነው የተናደድኩት። የዱባይ ሽቦ! በኮሚቴ ያለፈ ሽቦ! ይሄ ንቀት ነው እያልኩ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ከዚያ፣ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ማንዶሊኑን አነሣሁና ያልተሞረዱት ፍሬቶች ላይ እንደ ራሴ ሳይሆን እንደ ጋሽ ንጋቱ ተጫንኩ። አጥብቄ። አርባ ዓመት የሰዓት ብሎን ሲያጠብቅ፣ ባለቀ ፍሬት ላይ ክር ሲጫን እንደኖረ ጣት። ድምፁ ከቦታው ሸሽቶ ወደ ላይ ቀጠነ። ያ ጥርስ ላይ የሚሰማው ነገር መጣ።

ገባኝ። ፍሬት ከፍ ሲል ጣል ለሚያደርግ ጣት ነው የሚመቸው። አጥብቆ የሚጫን ጣት ከፍ ያለ ፍሬት ላይ ክሩን ወደ ታች ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ክር ደግሞ የተባለውን ሳይሆን ሌላ ይናገራል። እኔ ማንዶሊኑን ለዳኒ ጣት ነው የሠራሁት። ሽማግሌው «እነዚሁ ይበቁኛል» ሲሉ ይሉኝታ አልነበረም፤ ልካቸውን ነበር የነገሩኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የእሳቸው ይሉኝታ የመጣው በኋላ ነው። እኔን እንዳያስቀይሙ ከስቴኪኒ በማይወፍር የሰዓት ሞረድ፣ ማታ ማታ፣ በድብቅ፣ ያን የዱባይ ብረት ሲፈገፍጉ ከረሙ። ሰባቱን ጨርሰው ስምንተኛው ላይ ጣታቸው ደከመ። ማቆም አልቻሉ፣ መቀጠል አልቻሉ፣ መናገርማ አይታሰብም። እጄን አሞኛል ያሉትም ውሸታቸውን አልነበረም። አፈርኩ።

ወይንሸት ከኋላዬ ቆማ ፍሬቶቹን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ ወጥመዱን አየች።

«አይጡ!» አለች።

ከዚያ ተቀምጣ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ላኮርፍ ሞክሬ አልቻልኩም። ሳቋ ሲበርድላት ደግሞ እንዲህ አለችኝ።

«አንተም እኮ ያው ነህ። ያ ሹራብ እንደሚያሳክክህ የማላውቅ ይመስልሃል? ስድስት ክረምት አንገትህን ስታክ እያየሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ሞረዴን አነሣሁ።

በሁለት ምሽት የቀሩትን ሞረድኳቸው። ከተማ አዳርሼ፣ ኮሚቴ አቋቁሜ ያመጣሁትን ቁመት በገዛ እጄ ዱቄት አድርጌ መሬት ላይ አራገፍኩት። ሰባቱን ጋሽ ንጋቱ፣ አሥሩን እኔ። የእሳቸውን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ግን ቁመቱን እሳቸው ባቆሙት ልክ ነው የለካሁት። አሁን ተጠቃሚው ክፍል አስተያየቱን በሞረድ ጽፎ ሰጥቶኛል። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ሁለተኛው ምሽት ላይ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። ግድግዳው በሁለቱም በኩል የጭቃ ነው። ከማዶ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው የሚያዳምጥ ሰው ጸጥታ ነበር። ምን ይደረጋል፤ መሞረዴን ቀጠልኩ።

ማንዶሊኑን ስመልስላቸው ቫርኒሽ ጠብ አላደረግኩበትም። ጋሽ ንጋቱ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች ፍሬቶቹ ላይ አንድ ጊዜ አንሸራተቱት። ሰባተኛውን አልፎ፣ ስምንተኛውን አልፎ፣ ሳይደናቀፍ እስከ ጫፍ ወረደ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ቫርኒሹ አምሮበታል» አሉ።

«አንድ እጅ ብቻ ነበር የቀረው፣ ጋሽ።»

«ሰሞኑን ደግሞ» አሉ ክሩን እየቃኙ፣ «እናንተ ቤት አይጥ ገብቶባችኋል መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፍቅ ፍቅ ሲል ነበር።»

«አዎ፣ ጋሽ ንጋቱ። ከእርስዎ ቤት የተሻገረ ነው።»

«ይሆናል» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ ቤት የነበረውስ ጥርሱ ደክሞ ነበር።»

በዚህ ጉዳይ ላይ የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

የመልሱ ዕለት ድንኳኑ ሰው አልበቃውም። ትዕግሥት ዳቦው ፊት ቢላዋውን ይዛ ቆመች፤ አልቆረሰችም፤ አባቷን አየች። ጋሽ ንጋቱ ከወንበራቸው ጫፍ ተቀመጡና ማንዶሊኑን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ልኩን ወጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ያው ድንኳን ውስጥ እኔንና ወይንሸትን ያስገባው ድምፅ ነበር። አጥብቀው ተጫኑ፤ ማንዶሊኑም ጫናቸውን ቻለው። ትዕግሥት ቢላዋውን እንደያዘች አለቀሰች፤ ያሁኑ ለቅሶ ግን ሌላ ነው። እኔም አለቀስኩ። ምን አለበት፣ ሠርግ ነው።

ዳኒ በጨዋታው መሐል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አላልኩህም? ይሄ ድምፅ እኮ የጃምቦ ነው! ሌላ ሽቦ ይሄን አያወጣም!» ዝም አልኩት። አለቃዬም ተጋብዞ ነበርና «ኮሚቴው አልተሳሳተም» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እሱንም ዝም አልኩት። ከድር ብቻ፣ ጭፈራው ጋብ ሲል፣ ጋሽ ንጋቱን እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ጎንበስ ብሎ የማንዶሊኑን አንገት ከቅርብ አየው። ወደ እኔ መጣ።

«ወላሂ ተሾመ፣ ያ ጃምቦህ ከስቷል።»

«ሁዳዴን ጾሞ ነው» አልኩት።

እዚህ ላይ ባበቃ ትምህርት ያገኘሁ ሰው ሆኜ በተሰናበትኳችሁ ነበር። ሠርጉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጋሽ ንጋቱ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቤቴ መጡ። ለውለታዬ መሆኑ ነው። ካላቸው ሰዓት ሁሉ ትልቁን፣ የድሮ፣ ከባድ፣ ጠንካራ ሰዓት አድሰውልኛል፤ የቆዳ ማሰሪያውን ሳይቀር አዲስ አድርገዋል። በገዛ እጃቸው እጄ ላይ አሰሩልኝ። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ አሰሩት፤ እጄን ሳወርድ ሰዓቱ እስከ ጣቶቼ ወረደ፤ እጄን ሳነሣ እስከ ክርኔ ወጣ። የእኔን እጅ ታውቁት የለ፣ የቢሮ ሠራተኛ እጅ ነው።

«ሰፋህ እንዴ?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

ወይንሸት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ዓይኗን ጣለችብኝ። ይሄ ሰው አሁን ተምሯል ወይስ አልተማረም የምትል ዓይን ናት። አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ፊት ላይ ያለውን ደስታ አየሁ።

«ልኬ ነው!» አልኩ። «እንደ ተለካልኝ!»

መርቀውኝ ወጡ። እራት በላን። ከዚያ ማሰሪያው ላይ አንዲት ቀዳዳ ልጨምር ምስማርና መዶሻ አመጣሁ፤ ምስማሩን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በቀስታ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመርኩ። ከግድግዳው ማዶ ማንዶሊኑ ሲጫወት ነበር። ቆመ።